ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ አገር የኪራይ ቤት እንዴት እንደሚፈለግ

አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደላላ ይጠራል። ደላላው ሁለት ሦስት ቤት ያሳየዋል፤ ደስ ያለውን ሲያገኝም ከአከራዩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያውቀው ይጠየቃል፤ ከዚያ ቀብድ ይከፍልና ቁልፍ ይረከባል። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ይህንኑ ልማድ ይዞ ሲነሳ ይቸገራል፤ ምክንያቱም እዚያ አከራዩ ሰውን የሚመዝነው በትውውቅ ሳይሆን በሰነድ ነው፣ አጭበርባሪውም የሚጠቀመው "ቤቱ እንዳያመልጠኝ ቀብድ ልያዝ" የሚለውን የለመድነውን ችኮላ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሰነድን በማስቀደምና ገንዘብን በማዘግየት ላይ ያረፈ ነው። ምሳሌዎቹን በብዛት ከጀርመን የወሰድኩት ሕጓ ዝርዝር ስለሆነና የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ወደዚያ የሚሄዱ ስለሆኑ ነው።

1. የዶርም ማመልከቻን ለብቻው ማስገባት

ስድስት ኪሎ ግቢ የተመደበ መደበኛ ተማሪ ዶርም አብሮ እንደሚመደብለት ስለምናውቅ፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ደብዳቤ ሲደርሰን መኝታውም የተጠናቀቀ ይመስለናል። በጀርመን ግን አብዛኛውን የተማሪዎች መኖሪያ የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሳይሆን ሽቱዲየሬንደንቬርክ የሚባል የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ስለሆነ ማመልከቻው ለእርሱ በተናጠል መግባት አለበት። በፈረንሳይም ክሩስ የተባለው ተቋም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እንደ ሙኒክ ባሉ ከተሞች ወረፋው ከአንድ ሴሚስተር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ተቋሙ የሚፈቅድ ከሆነ የመግቢያ ውጤት እየተጠበቀም ቢሆን ማመልከት ይመረጣል። ዶርም ያላገኘ ተማሪ የሚቀርበው አማራጭ ከሌሎች ጋር አንድ ቤት ተጋርቶ የራሱን ክፍል መያዝ ነው፤ ጀርመኖች ይህን ቬጌ ይሉታል።

ቀኖችን ሲጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን ልብ ይበሉ። በአብዛኞቹ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ሴሚስተር በይፋ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ሲሆን ይህ በእኛ በአብዛኛው ዓመት መስከረም 21 ይውላል። በሰዓትም በኩል፣ ቤቱን በቪዲዮ እንዲያዩ ለ15፡00 የተሰጠ ቀጠሮ በበጋቸው አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ነው። ቀጠሮ የሚያመልጥ ሰው ሁለተኛ ዕድል ብዙም አይሰጠውም።

2. የሰነድ ፋይል ማዘጋጀት

አከራዮች በአንድ ክፍል ላይ በርካታ መልእክት ስለሚደርሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት ሙሉ ሆኖ የቀረበውን ነው። የፓስፖርት ቅጂ፣ የመግቢያ ደብዳቤ ወይም የሥራ ውል፣ የገንዘብ አቅም ማረጋገጫ እና ራስዎን የሚያስተዋውቅ አጭር ደብዳቤ በአንድ ፋይል ያዋህዱ። በደብዳቤው ላይ ምን እንደሚማሩ ወይም እንደሚሠሩ፣ መቼ እንደሚገቡና ለስንት ጊዜ እንደሚቆዩ መጻፍ በቂ ነው፤ ችግርን ዘርዝሮ መለመን እዚያ አይሠራም። ስምዎ በሁሉም ሰነድ ላይ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ብቻ ካለ ሁለት ሰው ይመስላል።

የጀርመን አከራይ ሹፋ የተባለውን የብድር ታሪክ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው ይህ ማስረጃ ስለማይኖረው፣ ይህንኑ በግልጽ ጽፎ በምትኩ የዝግ ሂሳብ (ለቪዛ ሲባል ገንዘብ አስቀድሞ ተቀምጦበት በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚለቀቅበት የባንክ ሂሳብ) ወይም የስኮላርሺፕ ማረጋገጫ ማያያዝ ይሻላል። ብሪታንያ ውስጥ ብዙ አከራዮች እዚያው የሚኖር ዋስ ይፈልጋሉ። ፈረንሳይ ለሚሄድ ወጣት ግን ቪዛል የተባለ ነጻ የዋስትና አገልግሎት አለ።

ሰነዶቹን አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት የፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ ስካን የሚያስደርጉ ከሆነ ሳይወጡ ፋይሉን ከኮምፒውተሩም ከላኩበት ቴሌግራምም ያስጠፉ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተራ ስጠብቅ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ፓስፖርቶች ፎቶና ቁጥራቸው ሳይሸፈን በስክሪኑ ላይ ተደርድረው አይቻለሁ።

3. ወጪውን በትክክል ማንበብ

የጀርመን ማስታወቂያ ሁለት ዋጋ ይዞ ይመጣል። ካልትሚተ የባዶ ቤቱ ኪራይ ሲሆን ቫርምሚተ ደግሞ ማሞቂያ፣ ውሃና የጋራ አገልግሎት የተጨመረበት ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ይቀራሉ። ለምሳሌ ካልትሚተው 400 ዩሮ፣ ተጨማሪው 110 ዩሮ ከሆነ በየወሩ የሚከፈለው 510 ዩሮ ነው፤ ማስያዣው፣ ማለትም አከራዩ ለጉዳት ወይም ላልተከፈለ ኪራይ መተማመኛ አድርጎ የሚይዘው ገንዘብ፣ የሚሰላው ግን በ400 ነው። ሕጉ ማስያዣው ከሦስት ወር ካልትሚተ እንዳይበልጥ ስለሚከለክል በዚህ ምሳሌ ጣሪያው 1,200 ዩሮ ይሆናል፤ ተከራዩም በሦስት ወርሃዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለው። በዚህ ላይ ለሕዝብ ሬድዮና ቴሌቪዥን በየቤቱ በወር 18.36 ዩሮ ይከፈላል፤ በጋራ የሚኖሩ ሰዎች ይካፈሉታል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ለተማሪ ቪዛ በዝግ ሂሳብ የሚጠየቀው በዓመት 11,904 ዩሮ ሲሆን የሚለቀቀው በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው፣ ይህም ተማሪው እዚያ ደርሶ ክፍያው እንዲለቀቅለት ካደረገ በኋላ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ወር ኪራይና ማስያዣው ከዚያ ሂሳብ እንደማይወጣ አውቆ ሌላ ገንዘብ ማሰናዳት፣ ስለ ምንዛሪውም የመግቢያ ደብዳቤውን ይዞ ባንክን ቀደም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሌሎች አገሮች ደንብ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ማስያዣው ከአምስት ሳምንት ኪራይ አይበልጥም፤ አከራዩም በ30 ቀን ውስጥ በታወቀ የማስያዣ ጥበቃ ተቋም ማስመዝገብ አለበት። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ለጉዳት ተብሎ ማስያዣ መጠየቅ የተከለከለ ሲሆን አከራዩ የመጨረሻውን ወር ኪራይ አስቀድሞ መቀበል ይችላል። ለሥራ ዱባይ የሚሄድ ባለሙያ ደግሞ የዓመቱን ኪራይ ቀን በተጻፈባቸው ቼኮች ከፋፍሎ እንዲሰጥ መጠየቁን መጠበቅና ውሉ ኢጃሪ በተባለው ሥርዓት መመዝገቡን ማረጋገጥ አለበት።

4. ማስታወቂያው እውነት መሆኑን ማጣራት

አንድ ጓደኛዬ ሙኒክ መሃል የሚገኝ፣ ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ የሚያንስ ስቱዲዮ አግኝቶ በደስታ አሳየኝ። አከራይ ነኝ ባዩ በሥራ ምክንያት ሌላ አገር እንዳለና የሁለት ወር ኪራይ እንደተላከለት ቁልፉን በፖስታ እንደሚሰድ ጽፎለታል። ፎቶዎቹ የሚያምሩ ነበሩ። ከአልጋው ራስጌ ያለውን ሶኬት አጉልተን ስናየው ግን ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ሶኬት ሆኖ አገኘነው፤ የጀርመን ሶኬት ክብ ጎድጓዳ ሆኖ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው ያለው። ገንዘቡ በዚያ ሶኬት ዳነ።

እርስዎም ፎቶውን በጎግል ምስል ፍለጋ አስገብተው ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር ይመልከቱ፤ አድራሻውን በካርታ ፈልገው ሕንፃው ከፎቶው ጋር መመሳሰሉን ይዩ፤ አከራዩንም በቀጥታ ቪዲዮ ከመግቢያ በሩ ጀምሮ፣ በመስኮቱ የሚታየውን መንገድ ጨምሮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። እውነተኛ አከራይ በዚህ አይቆጣም። ቤቱ ሳይታይና ውል ሳይፈረም ገንዘብ አይላኩ፤ በተለይ በሐዋላ እንዲላክ የሚጠይቅ ሰው ጋር ንግግሩን ያቁሙ። በከተማው የሚኖር ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ካለ ሄዶ እንዲያይልዎት ማስቸገር ነውር አይደለም።

5. ጊዜያዊ ማረፊያ ይዞ መሄድና በአካል መፈረም

ዶርም ያላገኘ ሰው የዓመት ውል ከአዲስ አበባ ሆኖ ከመፈረም ይልቅ ለመጀመሪያዎቹ አራት እስከ ስድስት ሳምንታት ጊዜያዊ ማረፊያ ይዞ ቤቱን እዚያ ደርሶ ቢፈልግ ይሻለዋል የሚል እምነት አለኝ፤ ይወደዳል፣ ከተሳሳተ ውል ግን ይረክሳል። ማረፊያውን ሲይዙ የአድራሻ ምዝገባ የሚያስችል መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ጀርመን ውስጥ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን ማስመዝገብ ሲኖርበት፣ ለዚህም አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ይጠየቃል።

ቁልፍ ሲረከቡ የግድግዳውን ጭረት፣ የመታጠቢያውን ሻጋታ፣ የቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንስተው በርክክብ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። በዚያው ቀን ስምዎን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ። በጀርመን ፖስተኛው የሚያየው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ስም ስለሆነ፣ ስሙን ያልለጠፈ ሰው የባንክ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለስበታል። ሽንኩርት አቁላልተው በርበሬ ሲጨምሩም መስኮት ይክፈቱ፤ የጭስ ማንቂያው የእኛን ወጥ አያውቅም።

ጊዜ ያልተወሰነለትን የጀርመን ውል ለማፍረስ ተከራዩ በመደበኛው ሕግ የሦስት ወር ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ማስታወቂያው በእጅ የተፈረመ ወረቀት መሆን ስላለበት ኢሜይል አይበቃም፤ ያ ወር እንዲቆጠርም ደብዳቤው እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን ድረስ አከራዩ እጅ መግባት ይኖርበታል።