ክሬኑ ብቻውን ሲሄድ፦ የክሬን ተሸካሚ ብረት ችግርና መፍትሄ

ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ተጠርቼ ሄድሁ። ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት በር ላይ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ይህ ክሬን የሆነ ነገር አለበት፤ ሞተሩን ስለቀው ብቻውን ይሄዳል» አለኝ። ከኋላው የቆመው ጓደኛው ጠበል ቢረጭበት እንደሚሻል መከረ። እስከዚያው ግን ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ቀይረውታል። ክሬኑ ከላይ በግራና በቀኝ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባለ 10 ቶን ነው፤ ምሰሶ ከምሰሶ 6 ሜትር፤ ሐዲዱን የተሸከመው ብረት አይ ፒ ኢ 330፣ ማለትም ቁመቱ 330 ሚሊ ሜትር የሆነ የአይ ቅርጽ ብረት።

የብረቱን ቁጥር ስሰማ ፍሬኑን ማየት አላስፈለገኝም። በዚህ አካባቢ ደጋግሜ የማየው ጥፋት ይኸው ነው፦ ተሸካሚው ብረት የሚገዛው «ክሬኑ ስንት ቶን ያነሳል? ብረቱ አይሰበርም?» ተብሎ ብቻ ነው። ምን ያህል ይለመጣል፣ ወደ ጎን ሲገፋ ምን ይሆናል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይጫናል የሚሉትን ማንም አይጠይቅም። ከታች የምዘረዝራቸው ምልክቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ያልተጠየቁ ጥያቄዎች የመጡ ናቸው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። የአይ ቅርጽ ያለውን ብረት ከላይና ከታች ያለውን ጠፍጣፋ ክፍል ክንፍ፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን የቆመ ክፍል ወገብ እለዋለሁ። ከንፈር የምለው ደግሞ የክሬኑ ጎማ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጠርዝ ነው።

ምልክት፦ ክሬኑ ወደ ሁለት ምሰሶዎች መሃል ይነጉዳል፣ ከመሃል ሲነሳ ያቃስታል

ተሸካሚው ከሚገባው በላይ ይለመጣል። ጭነቱ መሃል ላይ ሲደርስ ሐዲዱ ሳህን ይሆናል፤ ጎማው ወደ መሃል ሲሄድ ቁልቁለት፣ ወደ ምሰሶው ሲሄድ ዳገት ያገኛል። ባዶውን ምንም ሳይል ሲጫን ብቻ ይህን የሚያደርግ ከሆነ ፍሬኑን ይተዉት።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከተሸካሚው ሆድ መሃል ላይ በቀጭን ሽቦ ቱንቢ አንጠልጥለው ወለሉ አጠገብ ያድርሱት፤ አጠገቡም ማስመሪያ ያቁሙ። ክሬኑ ርቆ ሳለ አንድ ጊዜ፣ ጭነቱን ይዞ መሃል ላይ ሲቆም ሌላ ጊዜ ያንብቡ። ሁለቱ ምሰሶዎች ጋም እንዲሁ ያድርጉ። ምሰሶው ጋ ያለው ቱንቢም ከወረደ ችግሩ በመደገፊያው ወይም በመሠረቱ ነው፤ ያንን ከመሃሉ ንባብ ላይ መቀነስ ይገባል። በዚያ ሥራ ቤት 8 ቶን አንጠልጥለን ስንለካ መሃሉ 16 ሚሊ ሜትር ወረደ።

የተፈቀደው ስንት ነው? ለቀላልና ለመካከለኛ ሥራ የምሰሶ ከምሰሶ ርቀቱ ለ600 ተካፍሎ የሚገኘው ነው፤ ለ6 ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በአሜሪካ አሠራር ለከባድ ሥራ ለ800፣ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ክሬን ደግሞ ለ1000 ይካፈላል። ይህ የሚሰላው ያለ መንገጫገጭ ጭማሪ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ልሥራው፤ ነገሩ የሚገባው በቁጥር ነውና። ከሐዲድ ሐዲድ የተጋደመው የክሬኑ ድልድይ 7 ቶን፣ በድልድዩ ላይ መንጠቆውን ይዞ የሚመላለሰው ጋሪ 1 ቶን፣ ስፋቱ ከሐዲድ ሐዲድ 15 ሜትር ይሁን፤ መንጠቆው ወደ ሐዲዱ እስከ 1 ሜትር ይጠጋል፤ በአንድ ወገን ያሉት ሁለት ጎማዎች በ2.5 ሜትር ይራራቃሉ። የድልድዩ ግማሽ 3.5 ቶን፣ የጭነቱና የጋሪው 11 ቶን ደግሞ 14 አስራ አምስተኛው ወደዚያ ወገን ይመጣል። ለሁለት ጎማ ሲካፈል አንዱ ጎማ ወደ 6.9 ቶን ይጫናል። ልብ ይበሉ፤ «10 ቶን» የሚለው ቁጥር በሒሳቡ ውስጥ ብቻውን የትም አልቆመም።

አሁን አንድ ቁጥር ከፍ ብለን አይ ፒ ኢ 360 ወሰድን እንበል። ክሬኑ ከታች በሚንጠለጠል መቆጣጠሪያ የሚሠራ ከሆነ ለመንገጫገጩ በጎማው ጭነት ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ በሪሞት ወይም ኦፕሬተሩ ክሬኑ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ 25 በመቶ። በ10 በመቶው ጭማሪ በብረቱ ላይ የሚመጣው ጫና በካሬ ሚሊ ሜትር 154 ኒውተን ገደማ ነው። 235 ኒውተን ላይ ለሚሸነፍ ተራ ብረት ይህ ያስኬዳል፤ ሻጩ «አይሰበርም» ሲል አልዋሸም። ሲለመጥ ግን ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ 10 ነበር የተፈቀደለት። አይ ፒ ኢ 400 ላይ ስንደርስ ነው ልምጠቱ ከ10 በታች የሚገባው።

መፍትሄው ብረቱን መቀየር ነው፤ ውድ ነው። ርካሹ፣ ወለሉ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በየመሃሉ አንድ ምሰሶ መጨመር ነው። 6 ሜትሩ 3 ሲሆን የዚያው የአይ ፒ ኢ 330 ልምጠት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። ያ ሥራ ቤት ያደረገው ይህንኑ ነው። ግን ምሰሶው የራሱ መሠረት ይኑረው፤ በወለል ኮንክሪት ላይ የቆመ ምሰሶ ሐሳዊ ምስክር ነው። እስኪሠራ ድረስ የሚነሳውን ጭነት በሒሳቡ ልክ ይቀንሱ፤ ከስንት ቶን በላይ እንደማይነሳም ክሬኑ ላይ በትልቁ ይጻፉ።

ምልክት፦ ሐዲዱ ይጮሃል፣ የጎማው ከንፈር ይበላል፣ የሐዲድ መያዣ ብሎኖች ይረግፋሉ

ይህኛው ነው የሚያበሳጨኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቅባት ቀብቶ ያልፈዋል።

ጋሪው ሲነሳና ሲቆም፣ ጭነቱም ሲወዛወዝ ተሸካሚውን ወደ ጎን ይገፋዋል። በተለመደው ሒሳብ ይህ ግፊት የጭነቱና የጋሪው 20 በመቶ ነው። በእኛ ምሳሌ የ11 ቶን 20 በመቶ 2.2 ቶን፣ ለሁለቱ ወገን ሲካፈል 1.1 ቶን ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የአይ ቅርጽ ብረት ወደ ጎን ሲገፋ ደካማ ነው፤ ግፊቱም የሚያርፈው ከላይ ስለሆነ ጥንቁቅ ሒሳብ ሁሉንም ለላይኛው ክንፍ ብቻ ያሸክመዋል። የአይ ፒ ኢ 360 ክንፍ 170 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ አለው። ወደ ጎን 34 ሚሊ ሜትር ይለመጣል፤ በአሜሪካ አሠራር የተፈቀደው ርቀቱ ለ400 ተካፍሎ 15 ነው፤ የአውሮፓው ለጎንም 600 ይላል። ጫናው ደግሞ ከላዩ 154 ጋር ሲደመር 320 ይደርሳል። ቅድም «አይሰበርም» የተባለው ብረት ማለት ነው።

መፍትሄ ሲፈለግ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በላይኛው ክንፍ ላይ ዩ ፒ ኤን የሚባለውን የዩ ቅርጽ ብረት ገልብጦ መበየድ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ በወረቀት ላይ በአይ ፒ ኢ 400 ላይ ዩ ፒ ኤን 240 ከበቂም በላይ ነው። ሥራ ቤት ውስጥ ግን የአይ ፒ ኢ 400 ክንፍ 180 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዩ ፒ ኤን 200 ሆድ ደግሞ 177፤ አይገባም። 240ው ይገባል፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ የሚቀረው ክፍተት 17 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ኤሌክትሮዱ ገብቶ ሊበይድ አይችልም። በያጁ በደንብ እንዲሠራ 300ው ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በሜትር 46 ኪሎ ነው። ከአይ ፒ ኢ 400ው 66 ኪሎ ጋር 112 ሆነ። ክንፉ ሰፊ የሆነው ኤች ኢ ቢ 300 ብረት ያለ ምንም ብየዳ 117 ኪሎ ነው፤ ወደታች 9፣ ወደ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለመጣል። ለ5 ኪሎ ልዩነት ሁለት መስመር ረጅም ብየዳ፣ በሙቀት የተጣመመ ብረት፣ የበያጅ ቀን ክፍያ? እኔ ኤች ኢ ቢውን እገዛለሁ። ብረቱ ከፍ ሲልና ርቀቱ ከ7 ወይም ከ8 ሜትር ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ዩ ፒ ኤን የተደረበበት ያዋጣል።

አስቀድሞ ለተሰቀለ ተሸካሚ ደግሞ በላይኛው ክንፍ ልክ በግድግዳው በኩል አግድም መቀነቻ ይሥሩለት፤ ከክንፉ ጋር የተያያዘ ላሜራ ወይም በዘወርዋራ ማዕዘን ብረት የተያያዘ ሁለተኛ ብረት። መቀነቻው እንደ መረማመጃም ያገለግላል።

ነገር ግን ጩኸት ሁሉ የልምጠት አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት በየምሰሶውና በየመሃሉ ይለኩ። ክሬኑ ባዶ ሆኖም ስፋቱ የሚለያይ ከሆነ ገና ሲሰቀል ተጣሟል፤ ሲባጎ ወጥሮ ማስተካከል ይበቃል። ያለ ጭነት ልክ ሆኖ ሲጫን ከተለያየ ብረቱ ነው።

ምልክት፦ በላይኛው ክንፍና በወገቡ መገናኛ ላይ ስንጥቅ

ሐዲዱ ከወገቡ መሃል ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል። ጎማው ባለፈ ቁጥር ክንፉን ወደ አንድ ወገን ይጠመዝዘዋል፤ በመቶ ሺህኛው ጊዜ ብረቱ ይደክማል። የሚፈቀደው ፈቀቅታ የወገቡ ውፍረት ሦስት አራተኛ ነው፤ ለአይ ፒ ኢ 400 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። በዓይን የሚታይ ከሆነ በዝቷል። ከላሜራ ተበይዶ በተሠራ ተሸካሚ ላይ፣ በተለይ ብየዳው እየዘለለ የተሠራ ከሆነ፣ ስንጥቁ ቶሎ ይመጣል። ሐዲዱን በቀጥታ ክንፉ ላይ መበየድም ሌላው የስንጥቅ ዘር ነው፤ በመያዣና በብሎን ይታሰር።

ሲጠግኑ መጀመሪያ ሐዲዱን ወደ መሃል ይመልሱ፤ ካለዚያ ያው ስንጥቅ ይመለሳል። ስንጥቁን እስከ ጥልቀቱ በግራይንደር ፈልፍለው አውጥተው በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ ይሙሉት። በደብረ ብርሃን ጠዋት ብረቱ እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ሳያሞቁ አይበይዱ።

ምልክት፦ ተሸካሚው ከምሰሶው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ይሰነጠቃል ወይም ብሎኑ ይበጠሳል

ጭነት ሲመጣ የተሸካሚው ጫፍ ትንሽ መዞር ይፈልጋል። በወፍራም ላሜራ ከምሰሶው ጋር ግጥም አድርገው ከበየዱት መዞሩን አይተውም፤ ማሰሪያውን ይበጥሰዋል። ከታች ብሎን፣ ከላይ ደግሞ ወደ ጎን የሚይዝ ነገር ግን ወደ ላይና ወደ ታች የሚለጠጥ ቀጭን ማያያዣ ያድርጉ። ከምሰሶው ወደ ተሸካሚው ሆድ የተሰጠ ሰያፍ ድጋፍ ካለም ይቁረጡት፤ «ያጠነክራል» ብለው የሚጨምሩት ሰዎች የስንጥቁን ቦታ እየመረጡለት ነው።

ምልክት፦ ክረምት ላይ ይብሳል፣ በበጋ ይሻለዋል

ከደብረ ብርሃን እስከ ሸኖ፣ በእነዋሪም በኩል፣ ብዙው ሜዳ ጥቁር መሬት ነው። ገበሬው ሐምሌ ላይ ውኃ እንዳይተኛበት ቦይ የሚያወጣበት ያው አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ምሰሶ አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብረት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የሐዲዱን ከፍታ በየምሰሶው ነሐሴ አንድ ጊዜ፣ ሚያዝያ አንድ ጊዜ ለክተው ያወዳድሩ። የጣሪያው አሸንዳ ምሰሶው ሥር የሚያፈስስ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያርቁ፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ችግር እዚያ ነው። ከዚያ ተሸካሚው በሚያርፍበት ቦታ የላሜራ ቁራጭ እየደረቡ ከፍታውን ያስተካክሉ። አዲስ የሚሠራ ሰው ደግሞ ለዚህ ሲባል የብሎኑን ቀዳዳ ሞላላ ያድርገው፤ መሠረቱንም ከሚያብጠው አፈር በታች ያውርደው።

ምልክት፦ በታችኛው ክንፍ የሚሄድ ማንሻ ክንፉን ወደ ታች ያጥፈዋል

የአንድ ብረት ማንሻ ባላቸው ትናንሽ ጋራዦች ይታያል። ብረቱ በጠቅላላው ቢችልም ጎማው የሚረግጠው የክንፍ ጠርዝ ብቻውን አይችልም፤ ክንፉ ወፍራም መሆን አለበት። ጎማውንም ይመልከቱ፦ ለተዳፋት ክንፍ የተሠራ ጎማ በአይ ፒ ኢ ደልዳላ ክንፍ ላይ ከሄደ በጠርዙ ብቻ ይረግጣል። የታጠፈ ክንፍ አይቃናም፤ ይቀየራል።

ምልክት፦ ጠዋት ብቻ ክሬኑ እየተጣመመ ይሄዳል

ከቤት ውጭ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወቅት ይታያል። አንዱ ሐዲድ በጥላ፣ ሌላው በፀሐይ ከሆነ በጥላው በኩል ያለው ጎማ በውርጭ ላይ ይንሸራተታል፣ የፀሐዩ ይይዛል፣ ድልድዩም ይጣመማል። ብረቱ ጤነኛ ነው። ረጅም ሐዲድ ከሆነ ግን ጫፎቹንም ይዩ፤ 60 ሜትር ብረት በ25 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ወደ ጎን ይወጣል። መለያያ ክፍተት ይተውለት። የቀረው የጠዋቱ ውርጭ ነው፤ እሱን በጨርቅ መጥረግ ወይም ፀሐይዋ ጥላውን ገፍታ ሐዲዱን እስክታደርቀው፣ እስከ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሌላ ሥራ መያዝ ይበቃል።