ደንበኛ የሚያመጣ የኮንትራክተር ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንትራክተር የሚገኘው ሰው ለሰው ጠቁሞ ነው። «የእኔን ቤት የጨረሰው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ስልኩን ልላክልህ» ይባላል። ታዲያ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል? ስልኩ የተላከለት ሰው ከመደወሉ በፊት ስማችሁን ጎግል ላይ ስለሚያስገባ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ አያት ሰፈር ላይ ቤት የሚያሠራው ደግሞ ሳይት ድረስ ሄዶ ማየት አይችልም። ስለ እናንተ የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያየውን ያህል ነው።

ሁለቱም የሚመጡት እየፈሩ ነው። ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ስለጠፋ፣ ሥራውን ግማሽ ላይ ስለተወ፣ «ዕቃ ጨመረ» እያለ በየሳምንቱ ብር ስለሚጠይቅ ኮንትራክተር ያልሰማ የለም። ስለዚህ ድረ ገጹን ስታሠሩ በየገጹ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ የትኛውን ፍርሃት ይቀንሳል? የትኛውንም ካልቀነሰ ይቅር።

እዚህ በምሳሌነት የምወስደው የቤት ፊኒሺንግ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅትን ነው። መንገድና ግድብ የሚሠራ ትልቅ ተቋራጭ ሥራ የሚያገኘው በጨረታ ስለሆነ የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው።

1. የምትሠሩትን በግልጽ ጻፉ

ብዙ የኮንትራክተር ድረ ገጾች ሲከፈቱ «ጥራት መለያችን ነው» ይላሉ። ከጽሑፉ ጀርባ ሄልሜት ያደረጉ ፈረንጆች ፕላን ዘርግተው ይስቃሉ። ፎቶው ከኢንተርኔት የተለቀመ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ይሄ ሁሉ ይውጣና እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይግባ፦

«በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የኮንዶሚኒየምና የቪላ ፊኒሺንግ እንሠራለን። ልስን፣ ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ቀለም፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ። በእጅ ዋጋ ብቻም፣ ከነዕቃውም እንይዛለን።»

የማትሠሩትንም ጻፉ። «ከመሠረት ጀምሮ ግንባታ አንይዝም» ብትሉ የማይሆናችሁ ሰው አይደውልም። የሚሆናችሁ ሰው ደግሞ ሥራችሁን የለያችሁ መሆናችሁን ያያል።

2. ስልክ ቁጥሩን አስተካክሉ

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ደንበኛ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ፎቶ ውስጥ ከተጻፈ ተጭኖ መደወል አይቻልም። በ09 ወይም በ07 ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሰው ሲጫነው አይሠራለትም። ዜሮዋን አውጥታችሁ +251 አስቀድሙ። የመደወያው ቁልፍ የትም ገጽ ላይ ቢኬድ ከስክሪኑ ግርጌ እንዳይጠፋ አድርጉ። ከጎኑ የቴሌግራምና የዋትሳፕ ቁልፍ ይኑር፤ በተለይ ዲያስፖራው መጀመሪያ መጻፍ ነው የሚቀናው።

የሥራ ሰዓታችሁን ስትጽፉም ተጠንቀቁ። «እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነን» የሚለው ለእኛ ግልጽ ነው፤ አሜሪካ ላደገ ልጅ ግን ግራ ነው። በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጡት።

3. ሴራሚክ ከመግባቱ በፊት ያለውን ፎቶ አሳዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይሄ ነው። ያለቀ ሳሎን፣ መብራት የበራበት ጂፕሰም፣ የሚያብለጨልጭ ወለል ሁሉም ሰው አለው። ከሌላ ሰው ገጽ ተወስዶም ሊለጠፍ ይችላል። አሠሪ ግን ማታ እንቅልፍ የሚያጣው በማይታየው ሥራ ነው፦ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ፣ ከልስኑ ሥር ያለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ መከላከያ።

የመታጠቢያ ቤቱን እንውሰድ። መጀመሪያ ወለሉ ተጠርጎ የውሃ መከላከያው ሲቀባ አንሱ፤ ግድግዳው ላይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ይታይ። ቀጥሎ የወለሉ ፍሳሽ ተደፍኖ ውሃ ለ24 ሰዓት ሲተኛበት አንሱ። ከዚያ ከታች ያለውን ቤት ጣሪያ፣ ደረቅ መሆኑን። በመጨረሻ ሴራሚኩ ሲያልቅ። አራቱን ፎቶዎች አስከትላችሁ ብትለጥፉ፣ አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ላይ ውሃ ያንጠባጠበበት ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቃችሁም።

ሁሌ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ፤ ካልሆነ «በፊት»ና «በኋላ» አይነጻጸርም። ከሥሩም ሰፈሩን፣ ካሬውን፣ የተሠራውንና የፈጀውን ጊዜ ጻፉ፦ «ሰሚት፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ [ካሬው]። ሴራሚክ፣ ስቱኮና ቀለም፣ የኩሽና ቧንቧ ቅየራ። [የፈጀው ጊዜ]። ዕቃውን ባለቤቱ አቀረበ።» ሥራው ከታቀደው በላይ ከቆየ ምክንያቱን ጨምሩበት። የባለቤቱን ፈቃድ ሳትጠይቁ የሰው ቤት አትለጥፉ፤ የብሎክና የቤት ቁጥርም አይታይ።

4. ዋጋን አትሸሹ

«ለዋጋ ይደውሉ» የሚለውን ያነበበ ሰው ወይ ውድ ናቸው ይላል፣ ወይ ፊቴን አይተው ዋጋ ሊጠሩ ነው ይላል። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቆርጦ መጻፍ እንደማያዋጣ የታወቀ ነው።

መውጫው የእጅ ዋጋን ከዕቃ መለየት ነው። የእጅ ዋጋውን በካሬ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ፣ የተጻፈበትን ወርም ጨምሩ። ዕቃውን ግን በወቅቱ ዋጋ፣ በደረሰኝ እንደምታወራርዱ ግለጹ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያጣላው ግን ምን እንደሚያካትት ነው። ስለዚህ ዘርዝሩ፦ «የቀለም ዋጋችን ሁለት እጅ ስቱኮ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ሦስት እጅ ቀለም ያካትታል። የተሰነጠቀ ግድግዳ መጠገን ለብቻው ይታያል።» ሴራሚክ ላይ ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው) በሜትር ነው ወይስ በካሬው ውስጥ ነው? ፍርስራሹን ማን ያወጣል? ሳይት ላይ የሚያጨቃጭቁት እነዚሁ ናቸው። ከወዲሁ ተጽፈው ያገኛቸው ሰው ውል ላይ እንደማታስቸግሩት ይገባዋል።

የክፍያ አከፋፈላችሁም ከዚሁ ገጽ አይለይ። ቅድመ ክፍያው ስንት በመቶ ነው? ሁለተኛው ክፍያ የትኛው ሥራ ሲያልቅ ነው? እስከ ርክክብ የሚያዝ ገንዘብ አለ? ከርክክብ በኋላ ቢሰነጠቅ ወይም ቢያንጠባጥብ እስከ ስንት ጊዜ በነፃ ትጠግናላችሁ? ውጭ አገር ላለ ሰው በየሳምንቱ ቪዲዮ የምትልኩ ከሆነ ይሄንንም እዚሁ ጻፉት።

5. ማንነታችሁ የሚጣራ ይሁን

የድርጅቱን ሕጋዊ ስምና የተቋራጭነት ደረጃችሁን ጻፉ። ቁጥሩ ሲያንስ ደረጃው ከፍ እንደሚል ተራ ሰው ላያውቅ ይችላል፤ በአንድ መስመር አስረዱት። የቲን ቁጥራችሁንም አስቀምጡ፤ የንግድ ፈቃድን በሱ ከንግድ ሚኒስቴሩ የኦንላይን አገልግሎት ማጣራት ይቻላል። ፈቃዱን ከነማኅተሙ ስካን አድርጎ መለጠፍ ግን አልመክርም። ፎርጅድ ለሚሠራ ሰው ስጦታ ነው።

አድራሻ ላይ «ከመድኃኔዓለም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ» ማለታችን የማይቀር ነው። ግን ድርጅታችሁን ጎግል ካርታ ላይ የሚያወጣውን የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ነፃ ነው። ካርታው ላይ ያለውን ፕላስ ኮድ (ቦታችሁን የሚጠቁም አጭር ኮድ) ገልብጣችሁ ድረ ገጹ ላይ አድርጉ። ሥራ ባስረከባችሁ ቁጥር ባለቤቱ ፕሮፋይሉ ላይ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁ። ራሳችሁ ድረ ገጹ ላይ ከምትጽፉት ምስጋና ይልቅ ሰው የሚያምነው እሱን ነው።

6. ፎርሙን አሳጥሩ

ደንበኛው ድረ ገጹ ላይ የሚሞላው ፎርም ይሄን ብቻ ይጠይቅ፦ ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ የሥራው ዓይነት። በቃ። ኢሜይል አስገዳጅ አታድርጉ። ፎርሙ የሚልከው መልእክት ማንም የማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ እንዳይቀር ወደ ቴሌግራማችሁ እንዲገባ አሠሩት። ደንበኛው ሲልክም «ደርሶናል፣ ነገ ከምሳ በፊት እንደውላለን» የሚል መልስ ይምጣለት። ከዚያ ደውሉ።

7. ገጹ ቶሎ ይከፈት

ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ሃያ ፎቶ ሲሆን 80 ሜጋባይት ማለት ነው፤ በፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ይሄን አይጠብቅም። ስኩሽ (Squoosh) በሚባለው ነፃ የጎግል መሣሪያ ዌብፒ (WebP) ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ዓይነት ቀይራችሁ እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች አውርዱት። ድረ ገጹን የገጽ ፍጥነት በሚለካው ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይም አስገቡት፤ ጎግል ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል።

አማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በመሰለ ንጹሕ ፎንት ይሁን፣ ከ16 ፒክሰል አይነስ። እንግሊዝኛ ገጽም ይኑራችሁ፣ ግን ሰው ይተርጉመው።

8. ዶሜይኑ በእናንተ ስም ይሁን

ዶሜይን ማለት የድረ ገጹ አድራሻ ነው። ዶት ኮም ሲገዛ ብዙ ጊዜ የውጭ ክፍያ ካርድ ስለሚጠይቅ ድረ ገጹን የሚሠራላችሁ ሰው በራሱ ስም ይገዛዋል። ከዓመት በኋላ ትጣላላችሁ ወይም ስልኩ አይነሳም፤ ድረ ገጹም አብሮት ይሄዳል። አገር ውስጥ በብር የሚሸጡ አሉ። በማንም በኩል ይገዛ፣ የተመዘገበበት ኢሜይልና ፓስወርድ ግን የእናንተ ይሁን።

9. ከመልቀቃችሁ በፊት ለሌላ ሰው ስጡት

ኮንስትራክሽን የማያውቅ ዘመድ ይሁን። ርካሽ ስልክ ላይ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ይክፈተው። «ባለ አንድ መኝታ ቤቴን ሴራሚክ ማስገባት ብፈልግ ምን ያህል ያስወጣኛል? ማንን ላናግር?» በሉትና ዝም ብላችሁ እዩት። ጣቱ የተንከራተተበት ቦታ ይስተካከል።

ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የደወለውን ሁሉ «እንዴት አገኙን? ምን አይተው ደወሉ?» እያላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ሳይት ላይ ማሽን እየጮኸ ስልክ አይነሳምና ቀን ቀን የሚያነሳ አንድ ሰው መድቡ፣ ያመለጠውን ደግሞ የዚያኑ ዕለት መልሶ ይደውል።