ሸክላው ሳይሰበር ሲያልፍ፦ የስፖርቲንግ ክሌይ ጀማሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በቅርቡ አንድ ወንድምና እህት ይዤ ተኩስ ሄድኩ። ወንድምየው ያደገው ገጠር ነው። አባቱ በምንሽር ኢላማ ያስተኩሱት ነበር። እህትየው ግን ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። ከመጀመሪያዎቹ 10 ሸክላዎች እሷ 4 ሰበረች። እሱ አንድም አልነካም። እንዲህ ያለ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ጠመንጃ የለመደ ሰው ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጭ ጠመንጃ) ሲይዝ የሚያሰናክለው ያው ልምዱ ነው።

ለማታውቁት፣ ስፖርቲንግ ክሌይ ጫካ ለጫካ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞሩ የሚተኮስበት ስፖርት ነው። «ፑል» ስትሉ ማስወንጨፊያው ሸክላዎቹን ይወረውራል። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። አንድ ዙር 50 ወይም 100 ሸክላ ነው። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ዕቃው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከቅጥራን የሚሠራ፣ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ነገር ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ላለን አበሾች ሴንተርቪል፣ ቨርጂኒያ ያለው ቡል ራን የተባለ የተኩስ ሜዳ ቅርብ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ጠመንጃ መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። የተከራየውንም ጭምር። ግሪን ካርድ ያለው ችግር የለበትም። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ልታስተኩሱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ማየትና ማበረታታት ይችላል።

ምንም አልመታም

ጠመንጃው ጫፍ ላይ ትንሽ ዶቃ የምትመስል ነጥብ አለች። ዓይናችሁ እሷ ላይ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። በምንሽር ስትተኩሱ ኢላማው ቆሞ ይጠብቃችኋል። አንድ ዓይን ትጨፍናላችሁ፣ ትንፋሽ ትይዛላችሁ፣ ምላጩን ቀስ አድርጋችሁ ትስባላችሁ። ሸክላ ግን አይጠብቅም። ዶቃዋን ባያችሁ ቁጥር እጃችሁ ይቆማል፣ ሸክላው ጥሏችሁ ይሄዳል።

መፍትሄው ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ሸክላውን ብቻ ማየት ነው። «ሸክላውን» ስል ጠቅላላውን ማለቴ አይደለም። የፊት ጠርዙን፣ ከቻላችሁም ላዩ ላይ ያሉትን ክብ መስመሮች እዩ። ጣታችሁን ወደ አንድ ነገር ስትቀስሩ ጣታችሁን አታዩም አይደል? እንደዚያ ነው። ለወንድምየው ይህን ስነግረው አላመነኝም። ስለዚህ ጠመንጃውን አስቀምጦ 5 ሸክላ በጣቱ ብቻ እንዲከተል አደረግኩት።

ሁሌም ከኋላ አልፋለሁ

ይሄ የሁሉም ጀማሪ በሽታ ነው። ሸክላው ከማስወንጨፊያው ሲወጣ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። የእናንተ እርሳስ 30 ሜትር ለመድረስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥ ሸክላ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊሄድ ይችላል። ቀጥታ እሱ ላይ ከተኮሳችሁ የምትመቱት የነበረበትን ቦታ ነው።

ኳስ የተጫወተ ይገባዋል። ለሚሮጥ አጥቂ ኳስ የሚሰጠው እግሩ ላይ አይደለም፣ ከፊቱ ነው። ከሸክላው ኋላ ጀምራችሁ፣ በላዩ አልፋችሁ፣ ቀድማችሁ ስትወጡ ተኩሱ። ወደ እናንተ የሚመጣ ወይም ቀጥ ብሎ የሚርቅ ሸክላ ግን ይህን ያህል ቅድሚያ አይፈልግም።

ቀድማችሁም ከሳታችሁ፣ ምላጩን ስትስቡ እጃችሁ ቆሟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ርቀቱን ለመለካት ወደ ዶቃዋ ይመለሳል፣ ያኔ ጠመንጃው ይቆማል። ከተኮሳችሁ በኋላም ጠመንጃው ትንሽ መሄዱን ይቀጥል።

ሁሌም በአንድ ጎን እስታለሁ

ወንድምየው ሁለቱንም ዓይኑን ሲከፍት ባሰበት። ከኋላው ቆሜ ሳየው ተኩሱ በሙሉ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። የሚተኩሰው በቀኝ ትከሻው ነው። የሚመራው ዓይኑ ግን ግራው ሆኖ ተገኘ። ለካ በልጅነቱ አንድ ዓይን ጨፍኖ ስለሚተኩስ ይህ ታውቆ አያውቅም።

ቤታችሁ ሆናችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት ተመልከቱ። ከዚያ ዓይናችሁን በየተራ ጨፍኑ። ሰዓቱ ሳይጠፋ የሚታየው በየትኛው ነው? የሚመራው እሱ ነው።

ከምትተኩሱበት ትከሻ ጋር ካልገጠመ፣ ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ትከሻ መቀየር ጥሩ ነው። እሱ አልሆነለትም። ስለዚህ ከመከላከያ መነጽሩ ግራ መስታወት ላይ የሳንቲም ያህል ደብዛዛ ፕላስተር ለጠፍኩለት። ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲያሳርፍ ግራው ዓይን ዶቃዋን እንዳያይ ብቻ የምትጋርድ ቁራጭ ናት። ሌላው ሁሉ ይታየዋል። ሦስተኛዋ ሸክላ ዱቄት ሆነች። የብርቱካን ቀለም አቧራው ሳይበተን አየር ላይ ትንሽ ቆየ። እሱም ቆሞ አየው።

ከላይ ያልፋል

ጭንቅላታችሁን አንስታችኋል። መምታታችሁን ለማየት ስትቸኩሉ ጉንጫችሁ ከሰደፉ ይለቃል። ሸክላው እስኪሰበር ጉንጫችሁን አታንሱ።

ትከሻዬ በለዘ

ሰደፉ ክንዳችሁ ላይ ነው ያረፈው ማለት ነው። ቦታው ደረትና ትከሻ የሚገናኙበት ጎድጓዳ ነው። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ክፍተት ከተተወ ይመታችኋል። ወደ ኋላ መለጠጥም አይጠቅምም። የፊት እግራችሁ ላይ ዘንበል በሉ። ጥይት ስትገዙ 32 ግራም እርሳስ ያለውን ትታችሁ 28 ወይም 24 ግራም ጠይቁ። ሸክላ ለመስበር ይበቃል። ጀማሪን በከባድ ጥይት ማስተኮስ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። አንዴ ከፈራ ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል፣ ያንን ማስተው ከባድ ነው።

ሁለተኛው አልተኮሰም

ብዙ ጊዜ ጣታችሁ ምላጩን በደንብ ስላልለቀቀ ነው። ሌላም አለ። ከላይና ከታች ባለሁለት አፈሙዝ የሆኑ ብዙ ጠመንጃዎች ሁለተኛውን የሚያዘጋጁት በመጀመሪያው ተኩስ ግፊት ነው። ሰደፉን ላላ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ግፊቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል።

«ቃ!» ብሎ ዝም አለ፣ ወይም ድምፁ ደከመ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥይቱ ከከሸፈ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ ክፈቱና አውጡት። ድምፁ ከወትሮው የደከመ «ፑፍ» ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን አትተኩሱ። ውስጥ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል። ጥይቱን ሁሉ አውጥታችሁ ውስጡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን እስኪታያችሁ እዩ። ካልገባችሁ ሠራተኛ ጥሩ።

ከሁሉ የምፈራው ግን ይሄን ነው። ጌጅ የአፈሙዝ ውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፤ 20 ጌጅ ከ12 ጌጅ ይጠባል። 20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ስታጎርሱት አይወድቅም፣ አይታይም፤ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ይቀረቀራል። ምላጭ ትስባላችሁ፣ አይተኩስም። «ባዶ ነው» ብላችሁ 12 ታጎርሳላችሁ። ያ ሲተኮስ የፊተኛው እንደ ውታፍ ይዘጋውና ጠመንጃው እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የ20 ጌጅ ቀለህ በተለምዶ ቢጫ የሆነው ለዚህ ነው። እህትየው በ20 ጌጅ፣ ወንድምየው በ12 ነበር የሚተኩሱት። ስለዚህ ጥይቱን በአንድ ቦርሳ አላደረግነውም፤ የእሷ በእሷ ኪስ፣ የእሱ በእሱ ኪስ ነበር። ጠመንጃ ስትቀያየሩ ኪሳችሁንም ገልብጣችሁ አራግፉ።