ቁልፏን ከመጫናችሁ በፊት፦ በሬቪት ልኬት እንዴት እንደሚታሰር

«ኢንጂነር፣ ግድግዳው እምቢ አለኝ።»

አራት ኪሎ ባለው ቢሯችን ይህን ሳልሰማ ሳምንት አያልፍም። ባለፈው ያለችኝ ከተመረቀች ገና ስድስት ወር የሆናት ልጅ ናት። የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ፕላን ላይ ነበረች። ኮሪደሩን በ30 ሳንቲ ለማስፋት ብላ በካርድ ክፍሉ በኩል ያለውን ግድግዳ ገፋችው። ከማዶ ያለው ግድግዳም ተከትሎ ሄደ። ኮሪደሩ ያው 1.50 ሜትር፣ የካርድ ክፍሉ ግን 30 ሳንቲ ጠቦ ቁጭ!

የሕንፃ ሞዴል የምንሰራበት ሶፍትዌር፣ ሬቪት፣ አልተበላሸም። የታዘዘውን ነው ያደረገው። ትዕዛዙን የሰጠው ደግሞ ከሳምንት በፊት ፋይሉ ላይ የሰራ ሌላ ሰው ነው። ልኬት አስቀመጠ፣ ከስሩ የምትታየውን ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተጫነ፣ ሄደ።

ብዙዎቻችን የመጣነው በመስመር ስዕል ከሚሳልበት ሶፍትዌር፣ ከአውቶካድ ነው። እዚያ ልኬት የሚጻፈው ስዕሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለአንባቢ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ሬቪት ግን ገና ሲጀመር የተሰራው በሌላ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ መነሻው አንድ ቦታ የተለወጠ ነገር ሌላውም ቦታ ይለወጥ የሚል ነበር። አውቶዴስክ የገዛው ከዚያ በኋላ በ2002 ነው። እዚህ ልኬት የሁለት ነገሮች ግንኙነት ነው። ይህ ከገባችሁ ከታች ያለው ሁሉ ቀላል ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን የልኬት ዓይነቶች ለዩ

አንድ ግድግዳ ስትመርጡ ዙሪያው ላይ ሰማያዊ ቁጥሮች ብቅ ይላሉ። እነዚህ ጊዜያዊ ናቸው። ምርጫውን ስትተዉት ይጠፋሉ። ቁጥሩን ነክታችሁ ሌላ ብትጽፉ የተመረጠው ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። ምንም ነገር አይታሰርም።

ቋሚውን የምታስቀምጡት በአላይንድ ዳይሜንሽን ነው። ኪቦርድ ላይ «ዲ» እና «አይ»ን በተከታታይ መምታት ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ልኬቱን ራሱን ይመርጥና ቁጥሩን ሊለውጥ ይሞክራል። አይሆንም። መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበትን ግድግዳ ምረጡ፣ ከዚያ ቁጥሩን ንኩ። ሬቪት ከሁለቱ ግድግዳዎች የትኛው ይሂድ የሚለውን ከእናንተ መስማት ይፈልጋል።

አውቶካድ ላይ የለመድነው ቁጥር ደርቦ የመጻፍ ዘዴም እዚህ አይሰራም። 4.87 ያለውን ክፍል 5.00 ብላችሁ ልትጽፉበት ብትሞክሩ ሬቪት አይቀበልም። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ሳይት ላይ ፎርማኑ የሚያምነው የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከዋሸ ግድግዳው ይፈርሳል።

ከየት እስከ የት እንደምትለኩ ወስኑ

ክሊኒኩ ላይ ሁለተኛ ችግር ነበር። 1.50 የተባለው ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነበር። ግድግዳው ባለ 15 ብሎኬት ነው። ከሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሹ ሲቀነስ ኮሪደሩ 1.35 ይሆናል። በየጎኑ 2 ሳንቲ ልስን ጨምሩበት፣ 1.31 ቀረ። ታካሚ በአልጋ ሲገፋና ሌላ ሰው ከፊት ሲመጣ አስቡት።

ስለዚህ ሰው የሚያልፍበትን ቦታ ስትለኩ ከልስን ፊት እስከ ልስን ፊት ያዙ። ልስኑ ደግሞ የግድግዳው ዓይነት ውስጥ እንደ አንድ ንብርብር መግባት አለበት፤ ካልገባ ሬቪት አያውቀውም። ለስትራክቸር ስትለኩ ግን ከአክሲስ፣ ማለትም ኮለኖቹ ከሚሰለፉበት መነሻ መስመር ተነሱ። ትክክለኛውን መስመር ለመያዝ አይጡን ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ ታብን ደጋግማችሁ ምቱ። መሐሉን፣ ፊቱን፣ የብሎኬቱን ጠርዝ በየተራ ያሳያችኋል።

አሁን ቁልፏ

ቋሚ ልኬት ስትመርጡ ክፍት ቁልፍ ታያላችሁ። ስትጫኗት ትዘጋለች። ብዙ ሰው «ግድግዳውን ቆለፍኩት፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም» ብሎ ያስባል። ቁልፏ ግን ግድግዳውን መሬት ላይ አትቸነክረውም። ሁለቱን እርስ በርስ ነው የምታስራቸው። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲራመድ ቀንበሩ ሌላውን ይወስደዋል። የልጅቷ ግድግዳም የሄደው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ባለበት እንዲቆም ከፈለጋችሁ መሳሪያው ፒን ነው። እኔ አዲስ ፕሮጀክት ስከፍት በመጀመሪያው ቀን የይዞታውን ወሰን እና አክሲሶቹን ፒን አደርጋለሁ። ፒያሳ አካባቢ የነበሩትን የድሮ ይዞታዎች የሰራባቸው ያውቃል፤ ጠባብ ነበሩ፣ ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ አልነበረም። ካርታው ላይ ያለው ወሰን የእኛ ፈቃድ አይደለምና ሊነካ አይገባም። አክሲስ ፒን ካልተደረገ ደግሞ ከእሱ ጋር የታሰረ ግድግዳ ስትገፉ አክሲሱ ራሱ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ያኔ ኮለኑም ከቦታው ይነሳል።

እኩል ማካፈል

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ ቀና ብላችሁ የፎቆቹን መስኮቶች ተመልከቱ። እኩል እየተራራቁ የተደረደሩትን ዓይን ወዲያው ይለያቸዋል። ይህን ለማምጣት ካልኩሌተር አያስፈልግም። ሁሉንም የሚነካ አንድ ተከታታይ ልኬት አስቀምጡ፣ ከዚያ የተሰረዘችውን «ኢኪው» ምልክት ተጫኑ። ስረዛው ይነሳል፣ ርቀቱ እኩል ይካፈላል። ዳር ያለውን ስታንቀሳቅሱ መካከል ያሉት እንደገና ይካፈላሉ።

አንዱን ክፍት ተዉት

ሦስት ክፍል በተርታ አለ እንበል፣ ከአክሲስ እስከ አክሲስ 12 ሜትር። ጠቅላላውን ቆለፋችሁ። ከዚያ እያንዳንዱን 4 ሜትር ብላችሁ ቆለፋችሁ። ደንበኛው መጥቶ «ሳሎኑ ትንሽ ይስፋ» ሲል ምን ሊሆን ነው? አንዱ ሲሰፋ ሌላው መጥበብ አለበት፣ እናንተ ግን ሁሉንም ከልክላችኋል። ሬቪት ገደቦቹ፣ ማለትም የቆለፋችኋቸው እስሮች፣ አልተሟሉም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣና ገደቡን ላንሳው ወይ ይላችኋል። በጭፍን «አንሳ» አትበሉ። የትኛው እንደሚነሳ ሳታዩ ብታነሱት የሚያስፈልጋችሁም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሰርዛችሁ ውጡና ፈልጉት።

ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር ትርፉን የሚያቻችለው መጨረሻ ላይ በሚቆርጠው ብሎኬት ነው። ፕላን ላይም እንደዚያው ነው። ትርፍና ጉድለቱን የሚሸከም አንድ ክፍል ይኑር፤ እሱ አይቆለፍ። እኔ ብዙ ጊዜ ዕቃ ቤቱን እመርጣለሁ።

የማይታየውን ገደብ ፈልጉ

ይሄኛው ዋጋ አስከፍሎኛል። ለህትመት ሉሁን ላጽዳ ብዬ ልኬቶቹን መርጬ ሰረዝኩ። መልእክት መጣ፣ ሳላነበው «እሺ» አልኩ። መልእክቱ የሚለው ልኬቱ ይጠፋል፣ እስሩ ግን ይቀራል ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መኝታ ቤት በ40 ሳንቲ ሳሰፋ ከጀርባው ያለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ አብሮ ሸሸ። ስዕሉ ላይ ግን አንድም ቁልፍ አይታይም። ግማሽ ቀን ፈለግኩ።

ስለዚህ የተቆለፈ ልኬት ስትሰርዙ መልእክቱን አንብቡ። እስሩም እንዲፈታ ከፈለጋችሁ «አንኮንስትሬይን» የሚለውን ምረጡ። ልኬቱ የሚታየው የተቀመጠበት ስዕል ላይ ብቻ ነው፤ እስሩ ግን ሞዴሉን በሙሉ ይገዛል። አንደኛ ፎቅ ፕላን ላይ የቆለፋችሁትን ሴክሽን ላይ ሳታዩት ታገኙታላችሁ።

ከመስኮቱ ግርጌ ባለው አሞሌ ላይ «ሪቪል ኮንስትሬይንትስ» የሚባል ትንሽ ምልክት አለ። ስትጫኑት ሌላው ይደበዝዛል፣ የታሰረው ሁሉ በቀይ ይወጣል። የሌላ ሰው ፋይል ስትረከቡ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ሬቪት ውስጥ የምትጠቀሙበትን የበር ወይም የመስኮት ሞዴል ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ መቆለፍና ስም መስጠት ግዴታ ነው። መጀመሪያ ሪፈረንስ ፕሌን የሚባሉትን መመሪያ መስመሮች አስምሩ፣ በመካከላቸው ልኬት አድርጉ፣ ልኬቱን «ስፋት» ብላችሁ ሰይሙ። ቅርጹን ከፕሌኖቹ ጋር አላይን አድርጋችሁ (መስመር ላይ አስተካክላችሁ) ቆልፉ። ከዚያ 1.20 ያለውን ስፋት 0.60፣ ቀጥሎ 2.40 አድርጋችሁ ሞክሩት። ሳይሰበር ከተዘረጋ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡት።

ልጅቷ ክሊኒኩን እንደገና ሰራችው። ከልስን እስከ ልስን 1.80 አደረገችና ቆለፈችው። ለታካሚ የሚተው መተላለፊያ መቆለፍ የሚገባው ነው። የካርድ ክፍሉን ሌላኛውን ግድግዳ ግን ነጻ ተወችው። ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጥቶ መደርደሪያው በ20 ሳንቲ ጥልቅ ይሁንልኝ ሲል ያንኑ ግድግዳ ገፋችው፤ ኮሪደሩ ካለበት አልተነቃነቀም።