ድመት ያላችሁ፣ ኽርርር ማለት ሁሌ ደስታ አይደለም

ድመት ያላችሁ ሰዎች ይቺን ልብ በሉልኝ። ድመት ኽርርር ስትል ሁሌ ደስ ብሏት ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው ግን ሲያማትም፣ ስትፈራም፣ ስትወልድ ራሱ ኽርርር ትላለች፣ ስለዚ ምግብ ካቆመች ወይ ጥግ ገብታ ከተደበቀች ድምፁን ሰምታችሁ ደህና ናት ብላችሁ አትተዋት፣ ድመት ህመሟን በጣም ነው የምትደብቀው።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ደሞ ከምትፀዳዳበት የአሸዋ ሳጥኗ ውጪ ስትሸና "ተበቀለችኝ" ብሎ መምታት። ድመት ለብቀላ አትሸናም! ወይ አሸዋው ቆሽሿል፣ ወይ ቦታው ጫጫታ አለው፣ ወይ ሽንቷን አሟታል። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ሽንቱ ጠብ ካላለ ነገ እናያለን አይባልም፣ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል፣ በ1 ወይ 2 ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል በዛው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም (ቬት) ጋ ውሰዱት። የሰው ማስታገሻ ደሞ በፍፁም እንዳትሰጡ፣ ፓራሲታሞል ትንሿ ራሱ ልትገድል ትችላለች።

ወተት ይወዳሉ ግን ብዙ ያደጉ ድመቶች ላክቶሱን (የወተቱን ስኳር) መፍጨት ስለማይችሉ ተቅማጥ ነው የሚያመጣባቸው፣ ንፁህ ውሃ በቂ ነው። ከፎቅ ብትወድቅ ምንም አትሆንም የሚባለውም ልክ አይደለም፣ አየር ላይ ተገልብጣ በእግሯ ለማረፍ ትሞክራለች እንጂ እግሯም መንጋጋዋም ሊሰበር ይችላል፣ መስኮት ላይ መረብ አድርጉ።

ሆዷን ገልብጣ ስትተኛም አምናችኋለች ማለት ነው እንጂ ሆዴን እከኩልኝ ማለቷ ላይሆን ይችላል፣ አገጯ ስር ብታኳት ይሻላል።