ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብቻ፦ የአሮጌ ፒክአፕ ግራውንድ ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ አካባቢ አሮጌ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው መኪናው ጠዋት አልነሳ ሲለው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ባትሪ ቀይር» የሚል ነው። ባትሪው ይቀየራል፤ መኪናው ለጥቂት ቀን ይነሳል፤ ከዚያ ያው ነው። ቀጥሎ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይፈታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚነሳውን ወፍራም ገመድ፣ ማለትም ግራውንዱን (ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን)፣ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ምልክት፦ «ጠቅ» ይላል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም

ሞተሪኖ፣ በተለይ የናፍጣ፣ ሲያስነሳ ከ200 አምፔር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ ከረንት በሞተሩ ብረት አልፎ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ሞተሩ ግን የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር ብረት ለብረት አይነካካም። መመለሻው የግራውንድ ገመዱ ነው። ጫፉ ከዛገ ወይም ከላላ ከረንቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ቁልፍ ስታዞሩ የነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ከሞቀ ወይም ከጨሰ በእሱ በኩል እየተመለሰ ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

ለመለየት ከጎረቤት የጃምፐር ገመድ ተዋሱ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። የገመዱን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አስነክሱና ቁልፉን አዙሩ። ቀጥ ብሎ ከተነሳ ባትሪውም ሞተሪኖውም ጤነኛ ናቸው። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች መሃል ይለካ። ሞተሪኖው ሲሠራ ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም።

መፍትሄው ርካሽ ነው። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ከባትሪው ፍቱ፤ መጨረሻ ላይ የሚታሰረውም እሱ ነው። የገመዱን ጫፍና የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉ። እኛ ጋ ትልቁ ጠላት ዝገት ብቻ አይደለም፣ ቀለምም ነው። መኪናው ላሜራ ተሠርቶ ሲቀባ የግራውንዱ ቦታም አብሮ ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። ቡሎኑ ምንም ቢጠብቅ ከሥሩ ያለው ቀለም ካልተፋቀ ልፋት ነው። ጥርስ ያላት ሮንዴላ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ከላይ ግራሶ ቀቡ። ከማጥበቃችሁ በፊት ብረቶቹ መሃል እንዳትቀቡ።

የገመዱን ፕላስቲክ ጫፉ አካባቢ ትንሽ ቅደዱት። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ማጽዳት አይበቃም፤ ከነበረው ያልቀጠነ አዲስ ገመድ ግዙ።

ምልክት፦ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱ ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይጫወታል

የጭነት ሳጥኑ ከጋቢናው የተለየ ነው፤ ሻንሲው ላይ በቡሎን ነው የታሰረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው ከጎማ እየተወረወረ እዚያው ይደርቃል። የኋላ መብራቱ ግራውንድ ሲጠፋ የአንዱ አምፖል ከረንት በሌላው አምፖል ክር በኩል ይመለሳል። ሁለቱም ደብዝዘው የሚበሩት ለዚህ ነው። ማታ ከኋላ ለሚመጣ ሲኖትራክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አታሳድሩት።

ከመብራቱ የግራውንድ ሽቦ ወደ ተፈተገ የሻንሲ ብረት ጊዜያዊ ሽቦ ወስዳችሁ ሞክሩ። ቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ነው። መብራቱ ከተስተካከለ ያንኑ በቋሚ ሽቦ ሥሩት፣ ለሁለቱም ጎን።

ምልክት፦ የፊት መብራት ሲበራ የሙቀት ጌጁ ከፍ ይላል

ይህም ብዙ ጊዜ የግራውንድ ችግር ነው። የራዲያተሩን ውሃ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ አስቀድማችሁ እዩ። ውሃው ሙሉ ከሆነ ከሞተሩ ጀርባ ወደ ጋቢናው የምትሄደውን ቀጭን የተጎነጎነች ገመድ ፈልጉ። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ሳትታሰር የምትቀረው እሷ ናት። አስራችሁ ስትጨርሱ መብራቱን አብርታችሁ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ጋቢናው ብረት ለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ የጋቢናውን ግራውንድ እንደገና ፍቱና ፈትጉት።