ዲዝኒ፣ ዩኒቨርሳል ወይስ ሌጎላንድ? የልጆች ዕድሜ ሲራራቅ የኦርላንዶን ፓርኮች እንዴት እናወዳድር

ወደ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የቲኬት ዋጋ በማነጻጸር ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሜትር ነው። የ4፣ የ8 እና የ14 ዓመት ልጆች ይዞ ለሚሄድ ወላጅ «የትኛው ፓርክ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው «ሦስቱ አብረው የሚሳፈሩበት መጫወቻ የት ይበዛል? በር ላይ የሚመለሰውስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፓርኮቹ የሚያስገቡትም የሚመልሱትም በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው።

መጀመሪያ ልጆቹን ለኩ

ልጁን ፓርክ ውስጥ በሚያደርገው ጫማ ለኩት። አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ። ሰው ቀኑን ሙሉ ቆሞና ሄዶ ሲውል የጀርባ አጥንቱ መካከል ያሉት ዲስኮች ስለሚታመቁ ማታ ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ጠዋት ለጥቂት ያለፈ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሊመለስ የሚችለው ለዚህ ነው። ሠራተኞቹ ወረፋው መግቢያ ላይ በመለኪያ ዘንግ ይለካሉ፤ አንዳንዴም ከመሳፈሩ በፊት ይደግሙታል። ልመና አይሠራም፤ መሥራትም የለበትም። ገደቡ የተቀመጠው የደኅንነት መያዣው ጭንና ትከሻ ላይ በትክክል የሚያርፍበትን የሰውነት መጠን መሠረት አድርጎ ነው። ጫማ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ልጅን ማሳለፍ መያዣው የማይመጥነውን ልጅ እዚያ ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው።

ገደቦቹ በኢንች ስለሚወጡ በሴንቲ ሜትር ሲጻፉ ያልተለመዱ ቁጥሮች ይሆናሉ፦ 86፣ 89፣ 91፣ 97፣ 102፣ 107፣ 112፣ 122፣ 130 እና 137። ከእነዚህ ውስጥ ቤተሰብን ለሁለት የሚከፍሉት በተለይ 102 እና 122 ናቸው።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ፓርክ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ሁሉም አብረው የሚሳፈሩበት፣ ትንሹ የሚቀርበት፣ መካከለኛውም የሚቀርበት። ዝርዝሩን ከፓርኩ መተግበሪያ ላይ ውሰዱ እንጂ ካለፈው ዓመት ጽሑፍ አትገልብጡ። መጫወቻዎች ይዘጋሉ። ለምሳሌ የዩኒቨርሳሉ «ሪፕ ራይድ ሮኪት» እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ተዘግቷል፤ በቆዩ ዝርዝሮች ላይ ግን አሁንም ይገኛል። የ14 ዓመት ልጅ ለወራት ሲጠብቀው የኖረው መጫወቻ እዚያ ሲደርስ ፈርሶ ቢያገኘው የሚሰማውን አስቡት።

ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር 101፣ 128 እና 160 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ልጆችን ይዞ የሚሄድ ነው። እነዚህን ቁመቶች የመረጥናቸው በ4፣ በ8 እና በ14 ዓመት ዙሪያ የተለመዱ ስለሆኑና ሁለቱ ገደብ ሊያልፉ ጥቂት ብቻ የቀራቸው በመሆናቸው ነው።

ዲዝኒ ወርልድ፦ ትንሹ የሚከበርበት

ዲዝኒ ወርልድ በአንድ ስም የሚጠሩ አራት ፓርኮች ናቸው፦ ማጂክ ኪንግደም (1971)፣ ኤፕኮት (1982)፣ ሆሊዉድ ስቱዲዮስ (1989) እና አኒማል ኪንግደም (1998)። «ዲዝኒ እንሂድ» ተብሎ ሲወሰን አራቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ለትንሽ ልጅ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ለ101 ሴንቲ ሜትሩ ልጅ ማጂክ ኪንግደምን የሚያክል የለም። ዳምቦ፣ የፒተር ፓን በረራ፣ ጃንግል ክሩዝ፣ የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች፣ ሃንትድ ማንሽን፣ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ቀስ ብሎ የሚዞረው ፒፕልሙቨር፤ በእነዚህ ሁሉ ላይ የቁመት ገደብ የለም። ባርንስቶርመር የተባለችው ትንሿ ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚሮጥ መጫወቻ) 89፣ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን ደግሞ 97 ብቻ ይጠይቃሉ። ማይን ትሬን በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የ4 ዓመቱ ልጅ ሳይፈራ፣ የ14 ዓመቱም ሳይሰለች አብረው ሊሳፈሩባቸው ከሚችሉ ጥቂት ኮስተሮች አንዱ ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን ትንሹ አያገኛቸውም፦ ቲያናስ ባዩ አድቬንቸር 102፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122። የ8 ዓመቱ ሦስቱንም ያልፋል።

የቁመት ገደብ የለም ማለት አያስፈራም ማለት አይደለም። ሃንትድ ማንሽን ጨለማ ነው፤ የካሪቢያን ወንበዴዎችም በጨለማ ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ጀልባ አለው። ትንሹን በመጀመሪያው ሰዓት እዚያ ካስገባችሁት ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ያለው ቤት ሁሉ ሊያስፈራው ይችላል። በዳምቦ ወይም በካሩሰል (በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች) ጀምሩ፤ ጨለማውን ለከሰዓት አቆዩት።

ሆሊዉድ ስቱዲዮስ ላይ ትንሹ በስሊንኪ ዶግ ዳሽና በሚሌኒየም ፋልከን (ሁለቱም 97) መሳፈር ይችላል። ታላላቆቹ የሚጓጉላቸው ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስና ታወር ኦፍ ቴረር ግን 102 ናቸው። አንዷ ሴንቲ ሜትር የምትቆጨው እዚህ ላይ ነው። ኤፕኮት ውስጥ የሬሚና የፍሮዝን መጫወቻዎች ለሁሉም ክፍት ሲሆኑ ኮስሚክ ሪዋይንድ 107 ይጠይቃል። አኒማል ኪንግደም ውስጥ በኪሊማንጃሮ ሳፋሪ መኪና ላይ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይወጣል፤ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅና ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት 112 ናቸው።

ዲዝኒ ላይ ሌላም የሚጠቅም ደንብ አለ። ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲሳፈር ቢያንስ 14 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት መሆን አለበት፤ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ብቻውን ወደ ፓርኩ አይገባም። ስለዚህ 14 የሞላው ልጃችሁ የ8 ዓመቱን ይዞ ትሮን ላይ ሲሰለፍ እናንተ ከትንሹ ጋር ዳምቦ ላይ መሆን ትችላላችሁ። 13 ዓመቱ ከሆነ ግን አጃቢ ሆኖ አይቆጠርም።

ዩኒቨርሳል፦ ታላቁ የሚደሰትበት፣ መካከለኛው የሚቆጭበት

ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፓርኮች አሉት፦ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ፍሎሪዳ (1990) እና አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር (1999)። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ከእነዚህ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በእግር ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር አይቻልም፤ ለብቻው አንድ ቀን መድቡለት።

ለ14 ዓመቱ ልጅ ዩኒቨርሳል ከዲዝኒ ይበልጣል፤ ይህን ለመናገር ማመንታት አያስፈልግም። ቬሎሲኮስተር (130) እና ሃልክ (137) የሚያህል ኃይል ያለው ኮስተር ዲዝኒ ውስጥ የለም። ችግሩ 128 የሆነው ልጅ ላይ ይወድቃል። የሃግሪድን ሞተርሳይክልና ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ማሚን (122)፣ ግሪንጎትስንም (107) ያልፋል፤ ለቬሎሲኮስተር ግን 2 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ይህን ከጉዞው በፊት ንገሩት። ወረፋው በር ላይ ሲሰማው የሚያለቅሰውን ያህል ቤት ውስጥ ሲነገረው አያለቅስም።

ትንሹስ? የስዩስ ላንዲንግ ሠፈር ለእሱ የተሠራ ነው፤ ኢ.ቲ. (86) እና ፍላይት ኦፍ ዘ ሂፖግሪፍ (91) ላይም ይሳፈራል። ቴራኖዶን ፍላየርስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ደንብ አለው፦ ከ91 እስከ 142 ሴንቲ ሜትር ላሉ ልጆች የተሠራ ስለሆነ ከ142 በላይ የሆነ ሰው መሳፈር የሚችለው እንዲህ ያለ ልጅ ካጀበ ብቻ ነው። ታላቁን የሚያስገባው ትንሹ ነው ማለት ነው፤ ለትንሹም ቀኑን ሙሉ የሚኮራበት ነገር ይሆንለታል።

ኤፒክ ዩኒቨርስ ላይ 101 የሆነ ልጅ በጣም ይጎዳል። ዮሺ (86) እና ካሩሰሉ ይፈቀዱለታል፤ ማሪዮ ካርትና ማይን ካርት ማድነስ ግን 102 ናቸው። ስታርደስት ሬሰርስ 122 ስለሆነ ሁለቱ ታላላቆች አብረው ይሳፈራሉ።

ሌላው መታወቅ ያለበት የዩኒቨርሳል ጠባይ ብዙ መጫወቻዎቹ በትልቅ ስክሪን ፊት የሚንቀሳቀሱ ወንበሮች መሆናቸው ነው። ዓይን እንቅስቃሴ ሲያይ አካል ግን ያንኑ ያህል ስለማይንቀሳቀስ ያቅለሸልሻል። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ካላችሁ ሁለት እንዲህ ያሉ መጫወቻዎችን አታከታትሉ፤ ምሳ ከበላ በኋላም ወዲያው አታስገቡት።

ሌጎላንድና ሲወርልድ፦ ማንን ይተዋሉ?

ሌጎላንድ ፍሎሪዳ (2011) ዊንተር ሄቨን ውስጥ ነው፤ ከኦርላንዶ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ራሱን የሚያስተዋውቀው ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ይህንንም ከልቡ ነው። የመንጃ ትምህርት ቤቱ ሁለት ደረጃ አለው፦ ከ3 እስከ 5 እና ከ6 እስከ 13 ዓመት። የ4 እና የ8 ዓመቱ በየራሳቸው መኪና ሲነዱ የ14 ዓመቱ ዳር ቆሞ ያያል። ታላቁ 11 ወይም 12 ከሆነ ሌጎላንድ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፤ 14 ከሆነ ግን ያን ቀን ከአንዱ ወላጅ ጋር ሌላ ቦታ ይዋል።

ሲወርልድ የተለየ ነው። ለትንሹ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ፣ በልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስም የተሰየመ የሰሳሚ ስትሪት ሠፈር አለው፤ ለታላቁ ደግሞ 61 ሜትር ከፍታ ያለው ማኮ አለ። ነገር ግን ማኮ፣ ማንታና ክራከን ሁሉም 137 ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሲወርልድ ሁለት ልጆች፣ አንድ ትንሽና አንድ ጎረምሳ ላለው ቤተሰብ በጣም የሚስማማ ሲሆን የ8 ዓመቱን ግን መካከል ላይ ይተወዋል።

ትንሹ ሲመለስ የሚደረገው

ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም ወላጆች ተራ በተራ እንዲሳፈሩ ይፈቅዳሉ፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል፤ ልዩነቱም የ4 ዓመት ልጅ ላለው ቀላል አይደለም። ዲዝኒ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ቀርቦ ራይደር ስዊች እንደሚፈልግ ይናገራል። የመጀመሪያው ወላጅ ከታላላቆቹ ጋር ሲሰለፍ ሁለተኛው ትንሹን ይዞ ወደፈለገበት ይሄዳል፤ በኋላ ተመልሶ በአጭሩ ወረፋ ይገባል። ዩኒቨርሳል ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም፣ ትንሹም ጭምር፣ ወረፋውን አብሮ ይጨርሳል፤ ከዚያ መሳፈሪያው አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ ይጠብቃል። ወረፋው 90 ደቂቃ ከሆነ የማይሳፈር ልጅ 90 ደቂቃ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሳል ላይ ይህን ለጠዋት የመጀመሪያ ሰዓት ብቻ አድርጉት።

ወረፋ ማሳጠሪያ ስትገዙ

የዲዝኒ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ አስቀድሞ ሦስት መጫወቻ ያስይዛል፤ በዲዝኒ ሆቴል የሚያርፉ ከ7 ቀን በፊት፣ ሌሎች ከ3 ቀን በፊት መያዝ ይችላሉ። የሚሸጠው በሰው ስለሆነ ለሁሉም መግዛት ግዴታ አይደለም። ሆሊዉድ ስቱዲዮስ ላይ ከትልልቆቹ ግማሹን ለማይሳፈር ልጅ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስቱን ዓምዶች ተመልከቱ።

ዩኒቨርሳል ላይ በፖርቶፊኖ ቤይ፣ በሃርድ ሮክ ወይም በሮያል ፓሲፊክ ሆቴል ያረፈ ሰው ለሁለቱ ቀደምት ፓርኮች ያልተገደበ ኤክስፕረስ (በአጭሩ ወረፋ የሚያስገባ ማለፊያ) ከክፍሉ ጋር ያገኛል፤ ለኤፒክ ግን አይሠራም። የሚያገለግለው በገባችሁበትም በወጣችሁበትም ቀን ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደር የሁለት ቀን ኤክስፕረስ ይሰጣል። የአምስት ሰው ቤተሰብ ሲሰላ የአንድ ሌሊት ክፍል አሥር የቀን ማለፊያ ከመግዛት ሊረክስ ይችላል፤ ሁለቱንም ደምራችሁ አስተያዩ።

በቲኬት ላይ ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም ከ3 ዓመት በታች በነፃ ያስገባሉ፤ ከ3 እስከ 9 የልጅ፣ ከ10 ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ ነው። በዩኒቨርሳሉ ሆግዋርትስ ኤክስፕረስ ባቡር ላይ ለመሳፈር ደግሞ ሁለቱን ቀደምት የዩኒቨርሳል ፓርኮች በአንድ ቀን የሚያስገባ ቲኬት ያስፈልጋል። የአንድ ፓርክ ቲኬት የያዘ ሰው ከጣቢያው ይመለሳል።

ርቀትና ዝናብ

ማጂክ ኪንግደም መኪና የምታቆሙበት ቦታ ፓርኩ በር ላይ አይደለም፤ ከዚያ በሞኖሬይል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ወይም በጀልባ ትሻገራላችሁ። ትንሹን ቀን ላይ ለማስተኛት መውጣት ካሰባችሁ ይህን ጊዜ በመሄድም በመምጣትም ቁጠሩት። የራሳችሁን የልጅ ጋሪ ከያዛችሁ ዲዝኒ የሚፈቅደው እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 132 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው፤ የሚጎተት ዋገን አይገባም። በዩኒቨርሳል ቀደምት ፓርኮች ከቅርብ ሆቴሎች በእግር ስለሚደረስ እንቅልፉ ይቀላል።

በፍሎሪዳ የሙቀት ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲቀርብ የውጭ ኮስተሮች በሙሉ ይቆማሉ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ አብዛኛው ጣሪያ ሥር ስለሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሌጎላንድ ግን ከሞላ ጎደል ሜዳ ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ሌጎላንድን ለጠዋት ብቻ አስቡ፤ የሃግሪድንና የቬሎሲኮስተርን ወረፋም ከቀትር በፊት ጨርሱ።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የትንሹን ቁመት እንደገና ተመልከቱ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በወር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ዛሬ 101 የሆነ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ 102ን ያልፋል፤ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ፣ ታወር ኦፍ ቴረር፣ ቲያናስ ባዩና ማሪዮ ካርት አንድ ላይ ይከፈቱለታል። ጉዞውን በትምህርት ቤት ዕረፍት መጀመሪያና መጨረሻ መካከል ማዘዋወር የምትችሉ ከሆነ መጨረሻውን ምረጡ፤ ሳምንት ሲቀረውም በዚያው ጫማ ደግማችሁ ለኩት።